ከጎንደር አፈር ቀለም ማውጣትና ደጅ ወጥቶ መሳል፦ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ «እባክህ ስትመለስ ቀለም ይዘህልኝ ና» የማይል ሠዓሊ ጎንደር ውስጥ አላውቅም። እኔም እላለሁ፤ ግን የማስመጣው ሰማያዊ ብቻ ነው። ቢጫው፣ ቀዩ፣ ቡናማውና ጥቁሩ እዚሁ አሉ። መንገድ ሲቆረጥ፣ ለቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ጎርፍ ቦረቦር ሲያወጣ ፊት ለፊት ይታያሉ።

ወጪ ለመቀነስ ብቻ አይደለም። የፋሲል ግንብ የታነጸበት ቡናማ ድንጋይና ከእግራችን ሥር ያለው ቀይ አፈር ዘመዳሞች ናቸው። ድንጋዩ ባዛልት ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ። አፈሩ ደግሞ ያው ባዛልት በዘመናት ብዛት ፈርሶ፣ በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ የሆነው ነው። ስለዚህ ግንቡን በአፈሩ ስትስሉት ቀለሞቹ ሳታስገድዷቸው ይስማማሉ። ይህን በሱቅ ቀለም ለማግኘት ብዙ ማደባለቅ ይጠይቃል።

መመሪያው አፈር ከመፈለግ ጀምሮ ሰሜን ተራራ ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መሳል ይሄዳል። ለጠቅላላው ሥራ ሁለት ሳምንት መድቡ። አብዛኛው ጊዜ ዝቃጭ የሚጠበቅበት ስለሆነ ሌላ ሥራችሁን አያስቆምም።

ከመቆፈር በፊት ማየት

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡ። ጎንደር የተወለደ ሰው ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ከልጅነቱ ያውቃቸዋል፤ እናንተ ግን በዚህ ቀን የምትቆጥሩት ቀለም ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁር መስመር፣ ጥቂት አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ነጭ። በቃ። ያን ሁሉ ግድግዳ የሞላው ይህ ነው። ከቻላችሁ ቁስቋምንም ጨምሩ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕል ደማቅና ደፋር ነው፣ ፊት ላይ ጥላ እምብዛም የለውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ፊቱ በጥላ መሞላትና መለስለስ ጀመረ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ከያዛችሁ፣ ጥቂት ቀለም ምን ያህል እንደሚበቃ ትረዳላችሁ። ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ግቡ፤ ፍላሽ ግን አታብሩ።

አፈር ፍለጋ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ክረምቱ የተቆረጠውን መሬት አጥቦታል፣ ንብርብሩ ጥርት ብሎ ይታያል፣ መሬቱም ደርቋል። በክረምት ከቦረቦርና ከመንገድ ቁርጥ ሥር አትቁሙ፤ ይናዳል።

የምትይዙት፦ አሮጌ ማንኪያ፣ ጥቂት ፌስታል፣ እስክሪብቶ፣ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ሃይላንድ ውኃ።

ሁለት ጭብጥ አፈር ይበቃል። ከታጠበ በኋላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ሆኖም ለብዙ ሥዕል ይሆናል። ጆንያ ይዞ መውጣት አያስፈልግም፤ ባለ መሬቱንም ያስደነግጣል። መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ማሳ ዳር ከሆነ ቀርባችሁ ጠይቁ። «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ከዚች ከቀይዋ ለሥዕል የምትሆን ትንሽ አፈር ልውሰድ?» ማለት ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ይገረማል፣ ቀጥሎ «እሷን ተዋትና እዚያ ታች ካለችው ውሰድ፣ ያቺ ናት ደህናዋ» ይላል። ያን ምክር ስሙ። እርሻ ሲያርስ የኖረ ሰው የትኛው ንብርብር የት እንደሚወጣ ያውቃል።

የማይነኩ ቦታዎች አሉ። ከፋሲል ግቢ፣ ከመዋኛው፣ ከአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር አንዲት ድንጋይ ወይም ጭብጥ አፈር አይወሰድም። የሰሜን ብሔራዊ ፓርክም እንደዚያው።

አፈሩን እዚያው ፈትኑት። ቁንጥር አርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ በውኃ ጠብታ አሹት። ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ አሸዋ አለው? በጣት መሐል የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙ መታጠብ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ወረቀት ላይ ሲቀባ ቀለሙ ይሸፍናል ወይስ ጭቃ ብቻ ነው? ሦስተኛውና ዋናው፣ መዳፋችሁን በውኃ ስታጠቡት በእጃችሁ መስመሮች ውስጥ ቀለሙ ይቀራል? ከቀረ ውሰዱት። ያ ብረቱ የበዛ አፈር ነው።

ዋልካን ተዉት። ወደ ደምቢያ ሜዳ ስትወርዱ የምታገኙት ጥቁር አፈር ለጤፍና ለሽምብራ እንጂ ለሥዕል አይሆንም። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጋ ላይ እግር የሚያስገባውን የማሳውን ስንጥቅ አይታችኋል፤ ወረቀታችሁም ላይ ያንኑ ነው የሚያደርገው።

ፌስታሉ ላይ ቦታውንና ቀኑን ወዲያው ጻፉ። ቤት ስትደርሱ ሁሉም አንድ መስሎ ይታያል።

ሸክላ ሠሪዎች ካወቃችሁ ጠይቋቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ የታወቀች ናት። ስለ ጭቃ እነሱን የሚያህል አስተማሪ አይገኝም። ስትጠይቁ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ሥራቸውን ግዙ።

መፍጨት

አፈሩን ጥላ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ሥሩንና ጠጠሩን ልቀሙ። በሙቀጫ ውቀጡ ወይም በመጅ ፍጩ፤ ግን ምግብ የሚነካ ዕቃ አይሁን። አሮጌ ሙቀጫ ለዚህ ብቻ ለዩ። ደረቅ ስትፈጩ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። ማስክ አድርጉ፣ ደጅ ሁኑ። በወንፊት ንፉት።

ማጥለል

የአፈር ቀለም የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ብዙ ሰው ፈጭቶ፣ ነፍቶ፣ ማጣበቂያ ጨምሮ ይቀባና «አሸዋ አሸዋ አለ» ብሎ ይተወዋል። ወንፊት የማይዘውን አሸዋ ውኃ ይይዘዋል።

ሁለት ባልዲ ወይም ሁለት ትልልቅ ጆግ ያስፈልጋል። አንዱ ውስጥ አንድ እጅ አፈር፣ አምስት ወይም ስድስት እጅ ውኃ አድርጉ። በእጃችሁ በደንብ ምቱት። ጓሉ ሁሉ ይሙት። አሁን እጃችሁን አውጡና እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። በዚህ ጊዜ ከባዱ አሸዋ ይወርዳል። ባልዲውን በቀስታ አዘንብሉና ቀለም የያዘውን ውኃ ወደ ሁለተኛው ባልዲ ገልብጡ። ታች የቀረው ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ፤ እዚያ ላይ አቁሙ። ሩቡ ውኃ ቢቀርም ይቅር፣ አሸዋው አይከተል።

የቀረው ላይ እንደገና ውኃ ጨምሩ፣ ምቱ፣ ቁጠሩ፣ ገልብጡ። ውኃው ቀለም መያዝ እስኪያቆም ድረስ። ከዚያ ሁለተኛውን ባልዲ ራሱን እንዲሁ አርጉት፤ በዚህ ዙር ግን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። በቆያችሁ ቁጥር የሚቀራችሁ ይበልጥ የላመ ይሆናል፣ መጠኑ ግን ያንሳል። ለወረቀት ሥራ ሁለት ደቂቃ እመርጣለሁ። ለጨርቅና ለእንጨት ሠላሳ ሰከንዱ ይበቃል፤ ትንሽ ሻካራነት እዚያ ያምራል።

የመጨረሻውን ባልዲ ክደኑና ተዉት። እንደ ጠላ ይጠልላል፦ ከላይ ውኃው ይጠራል፣ ከታች ዝቃጩ ይረጋል። ቀይ አፈር ቶሎ ይረጋል። ቢጫው አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጃል። አትነካኩት። ውኃው ሲጠራ በቀጭን ቱቦ ወይም በጭልፋ ቅዱት። ዝቃጩን ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሱና አቧራ እንዳይገባ በነጠላ ሸፍናችሁ አድርቁ። ሲደርቅ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። አንዱን ቅርፊት በጣታችሁ ፍርፍር አድርጉት። ምንም ድምፅ ካላሰማ ቀለም አገኛችሁ።

ቢጫውን ማመስ

ከአንድ ቢጫ አፈር አራት አምስት ቀለም ይወጣል። ቢጫው አፈር ውስጥ ያለው ብረት ውኃ አዝሏል። እሳት ውኃውን ሲያስወጣው ቢጫው ቀይ ይሆናል።

የከሰል ምድጃ ደጅ አውጡ። ለምግብ የማይውል ብረት ምጣድ ጣዱ። የጠለለውንና የደረቀውን ቢጫ አድቅቃችሁ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ። በብረት ማንኪያ ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ ጭስና የአፈር ሽታ ይወጣል፣ ያ ሥራሥሩ ሲቃጠል ነው። ቆይቶ መጨለም ይጀምራል።

ትኩስ እያለ ቀለሙ አያታልላችሁ። ትኩስ አፈር ከሚሆነው ይልቅ ይጠቁራል፤ እውነተኛ መልኩ የሚታየው ሲበርድ ነው። ስለዚህ በየአምስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ እያወጣችሁ ወረቀት ላይ በተራ ደርድሩ። ሲበርድ ከወርቅማ ቢጫ እስከ ብርቱካናማ፣ ከዚያ እስከ ጡብ ቀይ የሚሄድ መስመር ታገኛላችሁ። ፊት ለመሳል የመሐለኞቹ ይጠቅማሉ። የጎንደር ሰው ቆዳ ጥላና ብርሃን ከነዚህ ሁለት ሦስት ደረጃዎች ይሠራል፤ ነጭ እንኳ ብዙ አያስፈልገውም።

ጥቁር

ለመንደፊያ ከሰል አኻያን የሚተካ የለም። ወንዝ ዳር ይበቅላል፣ አንገረብና ቀሃ ዳር ፈልጉ። እርሳስ የሚያህል ቀጭን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ላጡት፣ አድርቁት። ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ አጥብቃችሁ ደርድሩ። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሱት። እሳት ውስጥ አስገቡት። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያቆም አውጡት፣ ግን ጣሳው እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱ። አየር ከገባ ሁሉም አመድ ይሆናል።

ለቀለምና ለቀለም ብዕር ደግሞ የኩራዝ ጥላሸት ይሻላል። ነበልባሉ ላይ ሳህን ደፍታችሁ የሚጠራቀመውን ጥረጉ። ጥላሸት ውኃ አይቀበልም፣ ከላይ ይንሳፈፋል። ጥቂት ጠብታ አረቄ አድርጋችሁ እሹት፤ ወዲያው ይታዘዛል። ብዕሩን ከመቃ ቁረጡ፦ ጫፉን አሹሉ፣ መሐሉን በምላጭ ሰንጥቁ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ያህል ዘመን የጻፉበት ነው፣ እስካሁን ከብረት ብዕር ይልቅ መስመሩ ሕይወት አለው።

ማያያዣ

የአፈር ዱቄት በራሱ አይጣበቅም። ሦስት ምርጫ አለ።

የግራር ሙጫ ለወረቀት ነው። ከቅዳሜ ገበያ ከዕጣን ሻጮች ዘንድ ጠይቁ፤ ከመተማና ከቋራ በኩል ያለው ቆላ የዕጣንና የሙጫ አገር ነው። ዕጣንና ሙጫ እንዳይምታታባችሁ ቁራሽ ውኃ ውስጥ አሳድሩ። ሙጫ ይሟሟል፣ ውኃው ጥርት ይላል። ዕጣን ውኃውን ወተት ያስመስለዋል፣ ይሸታል። አንድ እጅ የተወቀጠ ሙጫ፣ ሁለት እጅ ሙቅ ውኃ አድርጋችሁ አሳድሩና በነጠላ አጥልሉ። ለአራት ማንኪያ ግማሽ ማንኪያ ማር ጨምሩ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጣሉበት እንዳይሻግት። በበጋ ደረቅ ነፋስ ማሩን እስከ አንድ ማንኪያ ማድረስ ትችላላችሁ፤ በክረምት ግን ያን ያህል ከበዛ ሥዕሉ እጅ ላይ ይጣበቃል።

የእንቁላል አስኳል ለእንጨት ነው። ነጩን ለዩ፣ አስኳሉን ይዛችሁ ቆዳውን በጥታችሁ ፈሳሹን ብቻ አውጡ፣ እኩል ውኃ ጨምሩ። የዕለቱን በዕለቱ ጨርሱት።

ቪናቪል (ነጩ የእንጨት ኮላ) ለጨርቅ ነው። እኩል ውኃ አድርጋችሁ አቅጥኑት። ሲደርቅ መልሶ ስለማይሟሟ ብሩሻችሁን ወዲያው እጠቡ።

ዱቄቱን በትንሽ ውኃ መጀመሪያ ሊጥ አድርጉት። ወፍራም መስታወት ላይ አድርጋችሁ፣ ታቹ ለጥ ባለ ብልቃጥ እየተጫናችሁ እሹት። ከዚያ እኩል ማያያዣ ጨምሩ። ወረቀት ላይ ቀቡና ይድረቅ። በጣት ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ማያያዣው አንሷል። የሚያብረቀርቅና የሚሰነጠቅ ከሆነ በዝቷል። እያንዳንዱ አፈር የሚጠጣው ስለሚለያይ በዓይን እንጂ በማንኪያ ብቻ አትመሩ።

ስለ ዕፅዋት ቀለም

አጭር ልበል። እንሶስላ ሥሩ ደስ የሚል ቀይ ይሰጣል፣ እርድ ቢጫ፣ አደይ አበባም እንዲሁ። ግን አብዛኛው በፀሐይ ይገረጣል። ለንድፍ ደብተር ተጠቀሙበት፣ ለምትሸጡት ሥዕል አልመክርም። የራሳችሁን ለመፈተን ወረቀት ቀብታችሁ ግማሹን በካርቶን ሸፍኑና መስኮት ላይ ለአንድ ወር ለጥፉት። ስትገልጡት መልሱን ታያላችሁ። ቁልቋል አትቁረጡ፤ ወተቱ ዓይን ከገባ ማየት እስከማሳጣት ይደርሳል።

የምትስሉበት

ወፍራም ወረቀት ካገኛችሁ መልካም። ካልሆነ አቡጀዲ እንጨት ላይ ወጥሩ። ጄሶውን ግን እንደ ግንበኛ አታቡኩት። ብዙ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየነሰነሳችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አማስሉት፣ ከዚያም ለጥቂት ቀን እየደጋገማችሁ አማስሉ። እንዲህ ሲሆን የመጠንከር ኃይሉን ያጣና ለስላሳ ይሆናል። ውኃውን ደፍታችሁ ከቪናቪል ጋር ቀላቅሉና ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ።

ጨርቅ ለኛ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ብዙውን ጊዜ ጨርቅ ላይ ሠርተው ጨርቁን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1932 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ተነሥተው ፓሪስ የተወሰዱት፣ በምትካቸውም ቅጂ የተለጠፈው፣ ከግድግዳ መላቀቅ የሚችሉ ስለነበሩ ነው። ዛሬም እዚያው ፓሪስ፣ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው።

ደጅ ወጥቶ መሳል

መጀመሪያ ፋሲል መዋኛ ሂዱ። ጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፣ ሌላ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ግንቡን አቅፈው የወረዱትን የዛፍ ሥሮች ሳሉ። ድንጋይና ሥር ተጠላልፈው ስለሚሄዱ ብርሃንና ጥላን ለማጥናት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሥሩ። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይጠፋል፣ ወረቀቱም ዓይን ይወጋል። በከሰል ንደፉ፣ ትርፉን በላባ አራግፉ፣ ከዚያ ለብርሃን ከምትተዉት በስተቀር ሙሉውን በቢጫው ስስ አድርጋችሁ ሸፍኑ። ጨለማውን በቡናማና በጥቁር ገንቡ። ለብርሃኑ ወረቀቱን ባዶ ተዉት፤ ጄሶ በሙጫ ውስጥ ነጭነቱ ይደክማል። ብሩሽ ካነሰ መፋቂያ አኝኩ። ጫፉ ሲበጣጠስ ለቅጠልና ለሻካራ ድንጋይ ግሩም ብሩሽ ነው።

ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም። አታባርሯቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ቁራሽ ከሰልና ወረቀት ስጡ። እነሱም ይሥላሉ፣ እናንተም ትሠራላችሁ።

ሰሜን ተራራ የሚቀጥለው ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሰሞኑ ተመላሾች ጠይቁ። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ትገባላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ምንም አትሥሩ፤ ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ነፋሱ ቀለሙን ብሩሽ ላይ ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ከወትሮው ይበልጥ አቅጥኑት። ሌሊት ውኃው በረዶ ሊሆን ስለሚችል ሃይላንዱን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁ እደሩ። ጭላዳ ለመሳል አትቅረቡ፣ ቁጭ በሉ። ሣር እየነጩ ራሳቸው ይመጣሉ። የደጋ ተክሎቹ ጅብራና አስታ ግን አይሄዱም፤ ለልምምድ ከእነሱ ጀምሩ።

መሬት ላይ በቅጠልና በድንጋይ መሥራት የምትወዱ ከፓርኩ ውጭ ሥሩት። የወደቀ ቅጠል ብቻ ውሰዱ። ከእርከን ድንጋይ አታንሡ፤ አንዱ ሲነሣ በክረምት አፈሩ ይሄዳል። ሥራው እንዳለቀ ፎቶ አንሡና በትኑት።

ማስቀመጥ

የተረፈውን ዱቄት ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሙጫ አትቀላቅሉበት። ደረቅ አፈር አይበላሽም፣ የተቀላቀለ ይሻግታል። ላዩ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደታመሰ ጻፉ፤ ከጎኑ የተቀባ ወረቀት ለጥፉ። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ከሆነ መስታወት ይግባ፤ በሙጫ የተሠራ ውኃ ከነካው ይለቃል። በክረምት ከግድግዳ ጥቂት አርቃችሁ ስቀሉት።